ለሚስቴ ብድግ የሚለው ሰውዬ

እኔ ቀናተኛ አይደለሁም። ወሬውን እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው ቀናተኛ ነው ትሉ ይሆናል፤ አልተሳሳታችሁም። ግን በማን እንደቀናሁ ስነግራችሁ እንዳትስቁብኝ። ከሳቃችሁም ለታደሰ እንዳትነግሩት፤ እሱ እስኪበቃው ስቋል።

የቀናሁት በአንድ ባላባት ነው። ፂሙ እስከ ደረቱ የወረደ፣ የብረት ጥሩር የለበሰ፣ ትከሻው በር የሚሞላ ባላባት። የሚኖረው በስደት አገራችን፣ ፊትዝሮይ በሚባለው ሰፈር፣ እኛ ፎቅ፣ እኛ ሳሎን፣ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ነው። ልጃችን ሰላም የምትጫወተው ጌም አለ። ዘንዶ አለ፣ ጠንቋይ አለ፣ ሰይፍ አለ፣ ቤተ መንግሥት አለ፤ የሌለው የትራም ቲኬት ተቆጣጣሪ ብቻ ነው። ሰላም ዩኒቨርሲቲ ገብታ ጊዜ ስታጣ ጌሙ አቧራ ለበሰ። ያኔ ነው ባለቤቴ ጥሩወርቅ ራሷ በወለወለችው ወለል ላይ ተንሸራታ ቁርጭምጭሚቷን የተሰበረችው።

ጥሩዬ ከተማ መሃል ቢሮ ታጸዳለች። ሀያ ዓመት አልፏታል። ስድስት ሳምንት እግርሽን ሰቅለሽ ተቀመጪ ሲሏት ልታብድ ደረሰች። ሥራ የለመደ ሰው ዕረፍት ያመዋል። ሰላም አዘነችላትና መጫወቻውን እጇ ላይ አስቀምጣ፣ ይሄ መራመጃ ነው፣ ይሄ መዝለያ ነው፣ ይሄ መምቻ ነው እያለች አሳየቻት። ጥሩዬ መምቻውን አልፈለገችውም። ዘንዶ ሳትነካ፣ ሰይፍ ሳትመዝ፣ እንዲሁ በየመንደሩ እየዞረች ሰው ትጠይቃለች። ጦርነት ባለበት አገር ለቅሶ ደራሽ ሆነች ማለት ነው።

ታዲያ ያ ጌም ጤነኛ አይደለም። ሠሪዎቹ ቸኩለው ነው መሰለኝ፣ አንዱም ሰው ሙሉ አይደለም። አንዱ ወታደር አንገቱ ዞሮ ቀርቶ በጀርባው ነው የሚያዋራችሁ። ዳቦ ሻጯ ፊቷ የለም፤ ዓይኗና ጥርሷ ብቻ አየር ላይ ቀርተው ገበያ ይጠራሉ። ፈረሱ እስከ ጉልበቱ መሬት ውስጥ ሰምጦ ይጋልባል። ገበያው ዳር ደግሞ ሁለት እጁን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ሳይንቀሳቀስ የሚውል ሰው አለ። ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ፣ ፕሮቴስታንት ናቸው፣ ጥሩዬን ሊጠይቁ መጥተው ሲያዩት፣ ጸሎት ላይ ነው አትረብሹት አሉን። ሰላም ግን ይሄ ሁሉ ግሊች ነው አለች። ግሊች ማለት ኮምፒውተሩ ሲሳሳት ነው። እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት ሳልሠራው የቀረሁት ሥራ ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ተሳስቶ ደመወዝ የሚበላ ሰው አለ ለካ።

ባላባቱም ግሊች ነበረበት። ጠጅ ቤቱ ውስጥ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ጥሩዬ በሩን ከፍታ ስትገባ ብድግ ይላል። ሌላው ሁሉ ቁጭ ብሎ ሲጠጣ እሱ ብቻ ብድግ። ጠረጴዛው ወገቡ ላይ ተሰክቶ፣ የዳቦው ሳህን ሆዱ ውስጥ ገብቶ፣ ብቻ ይነሳል። ሰላም እንዳስረዳችን ከሆነ መነሳት የነበረበት ንግሥቲቱ ስትመጣ ነው። ተሳስቶ ነው ለገባ ሁሉ የሚነሳው።

የመጀመሪያ ቀን ሲነሳላት ጥሩዬ ምን ብትል ጥሩ ነው? በእግዜር አለች። ለቴሌቪዥን። መቼም ታውቁታላችሁ፤ ትልቅ ሰው ሲገባ የተቀመጠው ብድግ ብሎ ኖር ይላል፣ የገባው በእግዜር ብሎ ያስቀምጠዋል። ሰውዬው ኖር አላለም፤ በእንግሊዝኛ ስለ ዘንዶ ነው ያጉረመረመው። እሷ ግን እንዳለ ቆጠረችለት። ቀጥላም፣ ኧረ በሞቴ ይቀመጡ አለችው። ይቀመጡ! እኔን ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንተ ስትለኝ ኖራ ለዚህ ቆርቆሮ ለለበሰ ሰውዬ አንቱ። ሰውዬው ትንሽ ቆሞ ተቀመጠ። አያችሁ ሰሙኝ አለች፤ ፊቷ በራ።

በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን ጌሙን ስትከፍት ነጠላዋን ስታስተካክል አየኋት። ነገሩ ያኔ ከነከነኝ።

እንግዲህ የሰውዬውን ጉድለት መቁጠር ጀመርኩ። ፂሙ ደረቱን በስቶ በጀርባው ይወጣል አልኳት። ሰው ያለ እንከን የለም አለች። ጠጁን የሚጠጣው በጆሮው ነው አልኳት። እውነቴን ነው፤ ዋንጫውን አንስቶ ጆሮው ላይ ነው የሚደፋው። ምስኪን፣ ነርቭ ይሆናል አለች። እኔ ሸሚዜ ላይ ሽሮ ሳንጠባጥብ ምስኪን ብላኝ ታውቃለች? አታውቅም። ለሸሚዜ ነው የምታዝነው።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፣ እኔም ታደሰን አማከርኩ። ታደሰ ዲር ፓርክ የሚባል ሰፈር፣ መጋዘን ውስጥ፣ ዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት አብረን የነዳን ጓደኛዬ ነው። ባለቤቴ ልቧ ሌላ ሰው ጋ ሄዷል መሰለኝ አልኩት። ደነገጠ። ሰውዬው ሥራው ምንድነው አለኝ። ባላባት ነው አልኩት። የት ነው የሚኖረው አለኝ። እኔ ቤት አልኩት። አንተ እያለህ ነው የሚመጣው አለኝ። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነው አልኩት። ታደሰ ሊያለቅስ ደረሰ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ብሎ ሽማግሌ ሊሰበስብ ሲነሳ ጌም መሆኑን ነገርኩት። እስከ ዛሬ ሲያየኝ ባላባቱ እንዴት ናቸው ይለኛል።

የሆነ ቀን ግን ብሶብኝ ፊት ለፊት ጠየቅኳት። ይሄ ሰውዬ ምኑ ነው የሚያስደስትሽ አልኳት። ጥሩዬ መጫወቻውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ሀያ ዓመት ቢሮ ሳጸዳ ዴስኩ ስር ልጥረግ ስላቸው እግራቸውን ያነሱልኛል። ከወንበሩ የተነሳልኝ ሰው ግን የለም። ቀና ብሎ ያየኝም ጥቂት ነው» አለች። ዞር ብላ አይታኝ፣ «አንተም ብትሆን» አለች።

እኔ ጉልበቴን ያመኛል። የመጋዘኑ ኮንክሪት ያተረፈልኝ እሱን ነው። ጉልበቴን አሳብቤ ለቄስም፣ ለሽማግሌም፣ ለሙሽራም ካልተነሳሁ ዓመታት አልፈዋል። ያመመው ሰው አይነሳ ተብሎ ተፈቅዶልኛል። የተፈቀደልኝ ነገር እሷን እንዳስከፋት አላወቅኩም ነበር። አሁን አውቄ ምን አደረግኩ? እንደ ሰው አዝኜ ይቅርታ ጠየቅኩ? አልጠየቅኩም። የባሰ ቀናሁ።

ጌሙ ሲከፈት አንድ ጽሑፍ ይመጣል። አፕዴት ላድርግ ወይስ ሌተር ይላል፤ አሁን ላድሰው ወይስ በኋላ ማለት ነው። ሰላም እንደነገረችን አፕዴት ከተደረገ ግሊቹ ሁሉ ይስተካከላል። አንገቱ የዞረው ይመለሳል፣ ፊት የሌላት ፊት ታገኛለች። ባላባቱስ ብላ ጥሩዬ ጠየቀች። እሱም ይስተካከላል አለቻት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጥሩዬ ሁልጊዜ ሌተር ነው የምትለው። ፈረሱም እንደሰመጠ ይቅር፣ ወታደሩም በጀርባው ያውራ፣ ባላባቱ እንዳይነካባት ብቻ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ጥሩዬ እግሯን ለመታየት ሰላምን ይዛ ሐኪም ቤት ሄደች። እኔና ባላባቱ ብቻችንን ቀረን። መጫወቻውን አነሳሁና አፕዴት የሚለውን ተጫንኩት።

ጥሩዬ ተመልሳ እግሯን ሰቅላ ጌሙን ከፈተች። ጽሑፉ አልመጣም፤ አላስተዋለችም። ጠጅ ቤቱ ደረሰች። በሩን ከፈተች። ባላባቱ ዳቦውን ይበላል። በእግዜር ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ ተወችው። ወጥታ እንደገና ገባች። ይበላል። ፂሙ እንኳን አምሮበታል፤ ጠጁን በአፉ ነው የሚጠጣው። ለሦስተኛ ጊዜ ወጥታ ገባች። ቀና ብሎም አላያትም።

«ተቀየሙኝ መሰለኝ» አለች።

ምን አድርጌያቸው ይሆን እያለች ትናንት የሠራችውን ሁሉ ማሰብ ጀመረች። ሳልሰናበታቸው ወጥቼ ይሆን አለች። እኔ ዝም አይነቅዝም ብዬ መስኮቱን አያለሁ። ሰላም ግን ማያ ገጹን ቀረብ ብላ አየችና ወደ እኔ ዞረች። ዳድ፣ አፕዴት አድርገኸዋል አይደል አለችኝ። አዎ አልኩ። ጥሩዬ ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቴሌቪዥኑን አጠፋችና እያነከሰች ወደ መኝታ ቤት ገባች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው በእኔ ደረሰ።

ሰኞ፣ ስድስት ሳምንቷ አልቆ፣ ሥራ ተመለሰች። ጌሙን አልነካችውም።

እኔ ያን ቀን ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ትሪ ጭኔ ላይ አድርጌ ነጭ ሽንኩርት እልጣለሁ። ሰላም ጎኔ ስልኳን ታያለች። አመሻሹ ላይ የሊፍቱን ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ የሚያነክስ እርምጃዋን። ቁልፉ በሩ ውስጥ ዞረ። ጥሩዬ የጽዳት ዩኒፎርሟን ለብሳ ገባች። እኔም ብድግ አልኩ።

ብድግ አልኩ ማለት ድፍረት ነው። ግማሽ ድረስ ሄድኩና ጉልበቴ ተቆለፈ። መቀመጥም መቆምም አልቻልኩም። ትሪው ተደፋ፤ ነጭ ሽንኩርቱ እስከ በሩ ተንከባለለ። በአንድ እጄ የቴሌቪዥኑን ጠረጴዛ ይዤ፣ ጎብጬ፣ አንገቴን ወደ እሷ ጠምዝዤ፣ ኖር አልኩ።

ሰላም ስልኳን አስቀመጠች። «ዳድ ግሊች አደረገ» አለች።

ጥሩዬ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ረጅም ጊዜ አየችኝ። አገጯ ተንቀጠቀጠ፤ ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ አላውቅም።

«በእግዜር» አለች። «ኧረ በሞቴ ይቀመጡ።»

መቀመጥማ መች ቻልኩ። ሁለቱ ደግፈው ነው ያስቀመጡኝ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ስትገባ እነሳለሁ። እያንዳንዷ መነሳት ምን እንደምታስከፍለኝ እኔና ጉልበቴ ነን የምናውቀው። ቅናት ቤት ያፈርሳል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔን ከሶፋ ያነሳኝ ግን ምክር አይደለም፣ ቅናት ነው። ባላባቱ አሁንም ዳቦውን እየበላ ነው፤ ዞሮ የሚያየው የለም። ባለፈው ሳምንት ሐኪሜ ደውሎ፣ ቀዶ ሕክምና አድርገን ጉልበትህን እናስተካክለው፣ ከዚያ እንደ ልብህ ትነሳለህ አለኝ። ደስ ብሎኝ ጥሩዬን አማከርኳት።

ሌተር በለው አለችኝ።