ቢልድ ሲስተም የመረጥን ሰሞን

ሰው በመድረሻው አይጣላም፤ የሚጣላው በመንገዱ ነው። ቤት ሠርታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ ባልና ሚስት በቤቱ ተስማምተው በበሩ ቀለም ይኳረፋሉ። እኔና ጓደኛዬ ዳዊት ደግሞ የተኳረፍነው በቢልድ ሲስተም ነው፤ የጻፍነውን ኮድ ገጣጥሞ የሚሠራ ፕሮግራም በሚያደርግልን መሣሪያ ማለቴ ነው።

ፕሮግራማችን የአማርኛ ፊደል ግድፈት የሚያርም ነው። ኮዱ ለሁሉም ክፍት፤ የፈለገ ያየዋል፣ የቻለ ያግዛል። ሦስት ነበርን። እኔና ዳዊት ቦሌ ቢሮ ተቀምጠን የማያልቅ ኢንተርኔት የምንጠጣ ሰዎች ነን። ሦስተኛዋ ሰሚራ ናት፤ ጎሮ ከወንድሟ ጋር የምትኖር፣ በአሮጌ ላፕቶፕና በስልክ ዳታ ከኮዱ ግማሽ በላይ የጻፈች። እስከዚያ ድረስ ፕሮግራሙን የምንገጣጥመው እሷ ባዘጋጀችው አጭር ፋይል ነበር። ይሠራ ነበር። ጥፋቱ ያ ሳይሆን አይቀርም፤ የሚሠራ ነገር ለክርክር አይመችም።

ዳዊት አንድ ዘመናዊ ሲስተም አመጣ፣ እኔ ሌላ። ሦስት ሳምንት ተከራከርን። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ቦሌ ካፌ ተሰበሰብን። ዳዊት አንድ ሰዓት ተናገረ፣ እኔ ከዚያ በላይ። ሰሚራ አንዴ ብቻ አፏን ከፈተች።

«ዳታ ሲያልቅስ ይሠራል?»

«እሱ ቀላል ነው!» አልናት እኩል። በዚያ ቀን የተስማማንበት ብቸኛ ነገር እሱ ነበር።

የዳዊት ሲስተም አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ የሰሚራ ሥራ እየሳሳ ሄዶ ቆመ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኛ ፕሮጀክት ግን በዝምታ ነቀዘ። «ሰልችቷት ይሆናል» እያልን ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ጎሮ ሄድኩ። በወንድሟ ፎቶ ኮፒ ቤት አገኘኋት።

«ጠፋሽ እኮ ሰሚራ!»

«አዲሱ ነገር በነካሁት ቁጥር ከኢንተርኔት የማያወርደው የለም። የወር ፓኬጄን በሁለት ቀን ጨረሰው። ላፕቶፑም አልቻለውም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?»

ከማሽኑ የወጣውን ወረቀት እያስተካከለች ቀና ሳትል መለሰችልኝ። «ጠይቄያችሁ ነበር እኮ።»

በማግስቱ እኔና ዳዊት የድሮውን ፋይሏን መለስን። ደወልኩላት።

«ጥሩ አደረጋችሁ» አለችኝ፣ በዚያ ሰው በማያስቀይም ድምፅዋ። «እኔ ግን ሥራ ይዣለሁ። አሁን ጊዜውም፣ እውነቱን ለመናገር ልቡም የለኝም። ዳዊትን ሰላም በልልኝ።»

ኮዱ ዛሬም ለሁሉም ክፍት ነው። አንዳንድ እሑድ ሲኤምሲ ቤቴ ቁጭ ብዬ እገጣጥመዋለሁ። አንድም ስህተት አያወጣም። ስህተት እንዲኖር እኮ አዲስ ኮድ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል።