ጋሼ ከፍያለውና ሥልጣን ያለው ፍርድ ቤት

ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ ጠበቃ ያልሆነ ጠበቃ አይጠፋም። በአሜሪካዋ የሮውሌት ከተማ ይህ ሰው ክቡር ጋሼ ከፍያለው ናቸው። ሰው «ጥፋተኛው ማነው?» ሲል እሳቸው «ቆይ፣ ለመሆኑ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን ያለው ማነው?» ይላሉ። ቤተ ክርስቲያን ፓርኪንግ ውስጥ ሁለት መኪና ተጋጭቶ ባለመኪኖቹ ተቃቅፈው ከተለያዩ በኋላ እንኳ፣ ቦታው የጎረቤቷ ከተማ የጋርላንድ ይሁን የሮውሌት ሲያስረዱ ከቅዳሴ የወጣው ሰው እግሩ ይደነዝዛል።

ይህን ሁሉ ከማንም በላይ የሰማችው ሩሐማ ናት። ፋርመርስ ብራንች በሚባል ከተማ ባለ የብረት ቱቦ ፋብሪካ አብረው ስለሚሠሩ በመኪናዋ የምትወስዳቸው እሷ ነች። ሁለት ሥራ ይዛ እንቅልፍ ጠግባ አታውቅም። እየነዳች «እሺ ጋሼ» ማለት ከመተንፈስ እኩል ለምዶባታል።

ከሜክሲኮ በርካሽ በሚገባው ቱቦ ላይ መንግሥት ተጨማሪ ቀረጥ ጥሎ ነበር። ሻጮቹ አቤት ያሉት ለአሜሪካ ፍርድ ቤት ሳይሆን፣ በአሜሪካና በሜክሲኮ የንግድ ስምምነት መሠረት ከሁለቱ አገሮች ለተውጣጣ፣ ፓነል ለሚባል የአምስት ሰዎች ሸንጎ ነው። ፓነሉ ቀረጡ አላግባብ ነው አለ። ቀረጡ ወረደ፣ የፋብሪካው ኦርደር ቀነሰ፣ የእነ ሩሐማ ሺፍት በወሩ መጨረሻ ሊዘጋ ሆነ። በፓነሉ ፊት ሲከራከር የነበረው ኩባንያቸውም በቃኝ ብሏል።

ጋሼ ግን አልበቃቸውም። «ሶ፣ እነዚህን አምስት ሰዎች ማን ሾማቸው? ዳኛ ናቸው? አይደሉም። ሕገ መንግሥቱ የመፍረድን ሥልጣን ለማን ሰጠ?» ምሳ ክፍል ውስጥ ሰዉ አንድ በአንድ ሳህኑን እያነሣ ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሸሸ።

አንድ ሰኞ «ልጄ፣ ዳውንታውን ፌዴራል ፍርድ ቤት ታደርሺኛለሽ?» አሏት። የዕረፍት ቀኗ ነበር፤ ልትተኛበት ነበር ያሰበችው።

ከረባት አስረው መጡ። መስኮቱ ጋ ያለችው ሠራተኛ ሰማቻቸውና ውስጥ ገብታ ጠይቃ ተመለሰች።

«ሰር፣ ይሄ የእኛ ሥልጣን አይደለም። የፓነሉን ሕገ መንግሥታዊነት መቃወም የሚቻለው ዋሽንግተን ባለው የይግባኝ ፍርድ ቤት ብቻ ነው። የሚያቀርበውም ተከራካሪ የነበረ ወገን ነው።»

አመስግነው ወጡ። የተገረሙ አይመስሉም።

«ጋሼ፣ ዋሽንግተን መሆኑን ያውቁ ነበር?» አለች ሩሐማ መኪና ውስጥ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን መጣን?»

ጋሼ ከፍያለው ከረባታቸውን ፈቱ።

«በኪያ ምክንያት» አሉ። ኪያ አጠገባቸው የምትሠራ፣ ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። «‹አቤት የሚባልበት የለም ወይ?› ብላ አለቀሰች። አለ፣ ግን ሩቅ ነው፣ ለእኛም አይከፈትም ልላት ነው? ቢያንስ አንድ ሰው በር ድረስ ሄዶልሻል ብላት ይሻላል ብዬ ነው።»

ሩሐማ መኪናውን አስነሣች። ግሬፕቫይን በሚባል ሌላ ከተማ ሆቴል ውስጥ አዲስ ሥራ አግኝታለች፤ ከወሩ መጨረሻ በኋላ አብረው አይጓዙም። እስካሁን አልነገረቻቸውም።

አውራ ጎዳናው ላይ ሲወጡ ጋሼ ወደ ክርክራቸው ተመለሱ። «ማለቴ፣ ፓነሉ ራሱ ሕገ ወጥ ነው ካልሽ ዋሽንግተን ነው። ሌላ ዓይነት የሕገ መንግሥት ጥያቄ ከሆነ ግን ኒውዮርክ የንግድ ፍርድ ቤት አለ። ልዩነቱ ምን መሰለሽ…»

ወደ ሮውሌት የሚያስወጣው የዳልሮክ መውጫ ደረሰ። ሩሐማ ፍሬቻ አላበራችም።

«መውጫችንን አለፍሽው» አሉ።

«አውቃለሁ ጋሼ» አለች፣ ከሮውሌት ወዲያ ያለውን ሐይቅ የሚሻገረው ድልድይ ላይ እየወጣች። «ልዩነቱ ምንድን ነው?»