ቀጭ ያላለው ካሜራ

ሰው ፎቶ መነሳቱን የሚያውቀው በጆሮው ነው።

ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔም ስቄ ነበር። ካላመናችሁኝ ነገ ዲላ መናኸሪያ አጠገብ ካሜራ ይዛችሁ አንድ አዛውንት ፊት ቁሙ። ኮታቸውን ይቆልፋሉ፣ ባርኔጣቸውን ያቃናሉ፣ ትንፋሻቸውን ዋጥ ያደርጋሉ፣ ከዚያ ይጠብቃሉ። ምኑን? ቀጭ የምትለዋን ድምፅ ነዋ! ቀጭ ስትል ይተነፍሳሉ፣ «ተባረክ» ይሏችኋል፣ መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ቀጭ ካላለች ግን እንደ ችካል ተተክለው ይቀራሉ።

ይህን የተረዳሁት አርፍጄ ነው። እንዴት እንዳረፈድኩ ከሥሩ ካላስረዳኋችሁ ደግሞ አይገባችሁም። ማስረዳት ልማዴ ነው፣ ቻሉኝ። ካሜራ የተማርኩት ከስልኬ ነው። ኔትወርክ ሲኖር ተማሪ ነኝ፣ ሲጠፋ አስተማሪ። የእኛን ኔትወርክ የሚያውቅ ስንት ሰው እንዳስተማርኩ ይገምት።

እንግዲህ ስሙ። ዲኤስኤልአር የሚባለው ትልቁ ካሜራ ሆዱ ውስጥ መስታወት አለው። በሌንሱ የገባው ብርሃን መስታወቱ ላይ ነጥሮ ወደ ዓይናችሁ ይመጣል። ቁልፉን ስትጫኑ መስታወቱ ብድግ ይላል፣ ከኋላው ያለው መጋረጃ ይከፈትና ይዘጋል፣ መስታወቱ ተመልሶ ይተኛል። ቀጭ የሚለው ይሄ ሁሉ ግርግር ነው። ሚረርለስ ግን መስታወት የለውም። ብርሃኑ ቀጥታ ምስሉን በሚይዘው ሴንሰር ላይ ያርፋል፣ እናንተ የምታዩት በትንሽ ስክሪን ነው። ፉል ፍሬም ማለት ደግሞ ሴንሰሩ ሰፊ ነው ማለት ነው። የቡና ማድረቂያ አልጋ አስቡ። ጠባብ አልጋ ላይ ፍሬው ይደራረባል፤ ሰፊው ላይ እያንዳንዷ ፍሬ የራሷን ፀሐይ ታገኛለች። አያችሁ? ገባችሁ። ሁሉም ሰው ሳስረዳው ይገባዋል። የማይገባው ለምን እንደማስረዳው ነው።

የዩኒቨርሲቲ ተመራቂ እያነሳሁ ሦስት ዓመት ካጠራቀምኩ በኋላ ስድስት ወር ሙሉ ዲኤስኤልአር ልግዛ ወይስ ሚረርለስ እያልኩ ተብሰለሰልኩ። የዕድሜ እኩዮቼ ማንን ላግባ ይሉ ነበር። የዲኤስኤልአር ባትሪ ከዲላ ደጋው ቡሌ ድረስ በእግር ደርሶ መልስ የሚበቃ ነው፤ አሮጌ ሌንስም እንደልብ ይገኝለታል። ሚረርለስ ቀላል ነው፣ ዓይን ፈልጎ ይይዛል፣ ፎቶው ምን እንደሚመስል ሳታነሱት በፊት ያሳያችኋል። ከሁሉም በላይ ከፈለጋችሁ ድምፁን ጭራሽ ማጥፋት ትችላላችሁ።

ይህን ሁሉ የሚሰማኝ ጓደኛዬ ተመስገን ነበር። ተሜ ፎቶ የጀመረው ከእኔ እኩል ነው። ካሜራው ጠርዙ ተልጦ የነጣ፣ ማንጠልጠያውን ጫማ ሰፊ የሰፋለት ዲኤስኤልአር ነው። ቀጭ ሲል የሰፈር ውሻ ይነቃል።

«አንተ ካሜራ አትገዛም» ይለኝ ነበር፤ «ካሜራ ትመረምራለህ።»

በመጨረሻ ሚረርለሱን ገዛሁ። ድምፁን ከዘጋሁበት ቀን ጀምሮ አልከፈትኩትም። የውሸት ቀጭ የሚያሰማ ማስተካከያም ነበረው፤ ናቅሁት። ለካሜራ ውሸት ማስተማር ምን ይሉታል? ተሜ «ይሄ ነገር ይሠራል ግን?» ሲለኝ፣ «ዝም አይነቅዝም» አልኩት። ተረት ስጨምርበት ክርክር ያሸነፍኩ ይመስለኛል።

ምልክት አልነበረም አልልም። አንድ ቀን አሪቻ፣ ቡና ማጠቢያው ላይ፣ አልጋ ከበው ቡና የሚለቅሙ ሴቶችን ሳነሳ ዋልኩ። መቼ እንደማነሳ ስለማያውቁ ይስቃሉ፣ ይተማማሉ፣ ይዘፍናሉ። እንዲህ ያለ ፎቶ በሕይወቴ አንስቼ አላውቅም። ልሄድ ስል አንዷ እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ቀጥ ብለው ቆሙና «ልጄ፣ መቼ ነው የምትጀምረው?» አሉኝ። ጨርሻለሁ አልኳቸው። አዝነው አዩኝ። «ባትሪው ነው አይደል?» አሉኝ።

ይህን ለተሜ ነግሬው ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለእኔ ዓይነቱ ነው።

አሁን ወደ እህቴ ሠርግ ልውሰዳችሁ። ምሕረት ታላቄ ናት። ልጁን ስትወደው ኖረች፤ እሱም ሽማግሌ ላከ። ማንም ይልካል። ግን የት ላከ? አባታችን ቡሌ ነው የሚኖረው፣ እንሰቱንና ገብሱን ትቶ አይወርድም። ወሩ ደግሞ ዝናብ ነበር። ሽማግሌዎቹ መኪናቸው ጭቃ ላይ እንዳይቀር ፈሩና እዚሁ ዲላ አጎታችን ቤት ሄዱ። አጎቴ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? «ወደ አባቷ ሂዱ» በማለት ፈንታ አስቀመጣቸው፣ አበላቸው፣ እሺ አላቸው። ልጅቷን በአጎት ጠይቀው በአጎት ወሰዷት።

አባቴ ሲናደድ በጌዴኡፋ ይጀምርና ሁሉም እንዲሰማው በአማርኛ ይጨርሳል። የዚያን ቀን በአማርኛ የጨረሰው እንዲህ ብሎ ነው። «ጭቃ ፈርተው ልጄን ከከተማ አነሷት። እንግዲህ ጭቃ የሌለበት አባት ይመርቃት።»

ሠርጉ ላይ እግሬ አይረግጥም አለ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ አማላጅ ተመላለሰ፤ ምሕረት ራሷ ሁለቴ ወጥታ አለቀሰች። አልሰማም። እሷ የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር። እጁን ራሷ ላይ አድርጎ «ውለጂ ክበጂ» እንዲላት። ያለዚያ ያገባች አይመስላትም።

ሠርጉ በአዲሱ አዳራሽ ሆነ። ፎቶው የእኔ ነው፤ ወንድሟ አይደለሁ? ደግሞ ሠላሳ ስልክ ፊቴ ተደቅኖ ፉል ፍሬም ምን ይሠራል? መድረክ መሪውን ያዝኩና «እንግዶች ስልካቸውን ኪሳቸው ይክተቱ፣ ፎቶውን ለሁሉም እናደርሳለን» ብሎ እንዲናገር አደረግሁ። ተሜ ለማገዝ መጥቶ ነበር።

«ተሜ፣ ያንን መዶሻህን ይዘህ ውጭ ሁን» አልኩት። «ፕሮግራሙ መሃል ቀጭ ቀጭ እያልክ አትረብሸኝ። መኪኖቹን አንሳ።»

«እሺ ፕሮፌሰር» አለኝ። «ፈገግ እንዲሉ እነግራቸዋለሁ።»

ምሳው ሊነሳ ሲል አዳራሹ ድንገት ጸጥ አለ። ዞርኩ። አባቴ በሩ ላይ ቆሟል።

ከቡሌ በሞተር ነው የወረደው። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ቦቲውን በሩ ላይ አወለቀና ያንን ሁሉ ሰው አቋርጦ በካልሲው ገባ። አጎቴ ከኬኩ ጀርባ ሄዶ ቆመ፤ ኬኩ ደግሞ አጭር ነበር። አባቴ ወደ ማንም ሳያይ ምሕረት ፊት ደረሰ። ተንበረከከች። ሁለት እጁን ራሷ ላይ አደረገ፣ እትፍ እትፍ አለባት፣ «ውለጂ፣ ክበጂ፣ ቤትሽ ይሙላ» አላት። ከዚያ የሙሽራውን ሽማግሌዎች ቀና ብሎ አያቸውና «ጭቃውም ይኸው መጥቷል» አላቸው።

ቀጥሎ ያልጠበቅሁትን አደረገ። አባቴ ከመታወቂያ በቀር ፎቶ ተነስቶ የማያውቅ ሰው ነው። እጁን ከራሷ ላይ ሳያነሳ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ ልጅ፣ አንሳን።»

አነሳሁ። ካሜራዬን አቁሜ፣ ዓይኑን ይዤ፣ ደጋግሜ ተጫንኩ። በማያው ውስጥ ቀጫጭን ጥላዎች ሲንሸራተቱ አይቻለሁ፤ የአዳራሹ ጄኔሬተር ነው፣ ስክሪኑ ነው አልኩ። ያነሳሁትን መልሼ አላየሁም። አንስቶ አጎንብሶ ስክሪን ማየት የዲኤስኤልአር ሰዎች ልማድ ነው ብዬ ስንቱን አስተምሬ የለ?

አባቴ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። ምሕረት ከእጁ ሥር ታለቅሳለች።

«አነሳህ?» አለኝ።

«አንስቻለሁ አባዬ።»

«ድምፁን አልሰማሁም።»

«አዲሱ ድምፅ የለውም።»

«ድምፅ ከሌለው በምን አወቅህ?»

ይኼኔ የሚረባ ሰው ቢሆን ስክሪኑን ከፍቶ ያሳየው ነበር። እኔ አስረዳሁት። በሞላ አዳራሽ ፊት ስለ መስታወቱ፣ ስለ መጋረጃው፣ ስለ ሴንሰሩ አስረዳሁት። የቡና አልጋውንም አልተውኩም። እሱም ሶንጎ ላይ ተቀምጦ ክስ እንደሚሰማ የጌዴኦ ሽማግሌ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ስጨርስ «እንግዲህ አንተ ካልክ» አለና እጁን አነሳ። ብላ ቢሉት አልበላም፣ ተቀመጥ ቢሉት አልተቀመጠም። ቦቲውን አጠለቀና ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ላፕቶፔን ከፈትኩ። ውጭ ያነሳሁት ሁሉ ልክ እንደ መስታወት የጠራ ነው። አዳራሹ ውስጥ ያነሳሁት ሁሉ ከላይ እስከ ታች በጥቁር ሰንበር ተሸንትሯል። ሁሉም! አንድ እንኳ አልተረፈም። አባቴ ልጁን የመረቀው ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ሆኖ ይመስላል።

ለምን መሰላችሁ? ይኸው ላስረዳችሁ፣ ምን ቀረኝ። አዳራሹን ያበራው የኤልኢዲ መብራት ለዓይናችን አይታወቅ እንጂ ያለማቋረጥ ይበራል፣ ይጠፋል። ካሜራ ድምፁን ሲያጠፋ መጋረጃውን አይጠቀምም፤ ሴንሰሩን እንደ መዝገብ ጸሐፊ በመስመር በመስመር ነው የሚያነበው። መብራቱ በበራበት ቅጽበት የተነበበው መስመር ይፈካል፣ በጠፋበት የተነበበው ይጠቁራል። መጋረጃውን ብጠቀም ኖሮ፣ ማለትም ካሜራዬ ቀጭ ቢል ኖሮ፣ ከሞላ ጎደል ደህና ይሆን ነበር። አሪቻ ላይ ደግሞ መብራቱ ፀሐይ ነበር፤ ፀሐይ አትርገበገብም። ይህን ሁሉ ያነበብኩት የዚያን ቀን ከሰዓት ነው።

እኚያ የአሪቻ እናት ትክክል ነበሩ። አባቴም ትክክል ነበር። ቀጭ ካላለ አልተነሳም።

እንግዶቹን ቤት ለቤት ዞርኩ። በስልኩ ያነሳ አለ? የለም። «አታንሱ ተባልን እኮ» ይሉኛል። ሰው እኔ ያልኩትን ሰምቶ ያደረገው በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው።

የቀረኝ ቡሌ መውጣት ነበር። ከሁሉም ሰንበሩ ሳሳ ያለውን መርጬ አሳተምኩና ወጣሁ። አባቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ፎቶውን በሁለት እጁ ያዘ፣ ወደ ብርሃን አዞረው፣ ብዙ አየው።

«ድምፁን አልሰማሁም ብዬህ ነበር» አለኝ።

ስለ መብራቱ ላስረዳው አፌን ስከፍት እጁን አነሳ። ተውኩት። አባዬ፣ እንደገና እናድርገው አልኩት። ምሕረት ቀሚሷን ትለብሳለች፣ ተመስገን በትልቁ ካሜራ ይመጣል፣ አንተ እጅህን ራሷ ላይ ብቻ ታደርጋለህ።

«ምርቃት ልምምድ አለው እንዴ?» አለኝ። «ሽማግሌው አንዴ በሄደበት ቤት ቀረ፣ ወደ እኔ አልተመለሰም። ምርቃትም እንደዚያው ነው፣ ሄዷል። በል ይዘኸው ውረድ።»

ይዤው ወረድኩ። ምሕረትም አልተቀበለችኝም፤ «አባቴን ታስሮ ግድግዳዬ ላይ አልሰቅለውም» አለች። አጎቴ ደግሞ በየለቅሶ ቤቱ «ሊሰድበን መጥቶ ተሳድቦ ሄደ እንጂ ምን መረቃት?» ይላል አሉ። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ግማሹ መረቀ ይላል፣ ግማሹ ከኋላ ስለነበርኩ አላየሁም ይላል። ማስረጃው እኔ ጋ ነው፣ ማስረጃው ደግሞ ሰንበር ነው።

ከዚያ አንድ ቀን ተሜ መጣ። የመኪኖቹን ፎቶ ሊሰጠኝ ነው። መኪኖቹን በሙሉ አሳምሮ አንስቷቸዋል። መጨረሻ ላይ አንድ መኪና ያልሆነ ፎቶ አለ። አባቴ ከአዳራሹ ወጥቶ፣ በአበባ ካጌጡት መኪኖች መሃል በጭቃ ቦቲው ሲሄድ፣ ከጀርባው። የኮቱ ክር ሳይቀር ይቆጠራል።

«ዞር ስል ወጥቶ ነበር፤ ፊቱን አልደረስኩበትም» አለኝ ተሜ። «ግን ቀጭ ሲል ሰማው መሰለኝ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። አልዞረም። ትንሽ ቆመና ተንፍሶ ሄደ።»

አሁንም ልጆች እየመጡ ዲኤስኤልአር ወይስ ሚረርለስ ይሉኛል። ሚረርለስ እላቸዋለሁ፤ እውነቱ እሱ ነው፣ ጥፋቱ የካሜራው አልነበረም። ግን ያንን የናቅሁትን የውሸት ድምፅ ከፍቼዋለሁ። ጨዋ ካሜራ ሆኗል፤ ቀጭ ይላል፣ አዛውንቶች ይተነፍሳሉ፣ ይመርቁኛል። ዝም አይነቅዝም ያለው ሰውዬ ፎቶ አንሺ አልነበረም።

ምሕረት የተሜን ፎቶ በትልቁ አሳጥባ ሳሎኗ ሰቅላዋለች። ባለፈው ሄጄ ተቀምጬ ሳለ አንዲት ጎረቤት ገባችና ፎቶውን አንጋጣ አየችው።

«ይሄ ማነው?»

«አባቴ ነው» አለቻት ምሕረት። «ሠርጌ ላይ መጥቶ ሲመርቀኝ።»

«ታዲያ ፊቱስ?»

እህቴ ሻይዋን ቀዳችላት፣ ስኳሩን አቀረበችላት። ወደ እኔ አላየችም።

«ፊቱ ወንድሜ ጋ ነው።»