መኪና የሌላቸው የመኪኖቻችን የበላይ ጠባቂ

ሰው በሚኖርበት መንገድ ሁሉ ማንም ያልሾመው አንድ ሹም አለ። የሹመት ደብዳቤ አልተጻፈለትም፣ ማኅተም የለውም፣ ደመወዝም አያውቅም። ግን የማን ቧንቧ እንደሚያንጠባጥብ፣ የማን እንግዳ ስንት ቀን እንደሰነበተ፣ የማን ልጅ ከትምህርት ቤት እንደቀረ ከባለቤቱ ቀድሞ ያውቃል። ካርቱም ውስጥ፣ ሪያድ ሰፈር፣ እኔ በምኖርበት መንገድ ይህን ሥልጣን የያዙት ክብርት እትዬ ሸዋዓለም ናቸው።

እትዬ ሸዋዓለም በጡረተኛው ዳኛ በሐጅ ጂብሪል ቤት ምግብ ሲያበስሉ ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው። እኔ ደግሞ ከዚያው ግቢ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የኢትዮጵያውያን ልጆች አስተምራለሁ፤ በትርፍ ጊዜዬ የሰው ወረቀት እተረጉማለሁ። ስለዚህ «ኡስታዝ»፣ መምህር፣ ይሉኛል። እሳቸው ዓረብኛ የተማሩት ወጥ ቤት ውስጥ ስለሆነ የሚያውቁት ግሥ ሁሉ ትእዛዝ ነው። አምጣ፣ ቁረጥ፣ ዝጋ፣ አጥፋ። ሐጅ ጂብሪል አርባ ዓመት ችሎት ላይ ሰው ሲያዝዙ ኖረው፣ ዛሬ ቤታቸው ሲገቡ «ጫማህን አውልቅ!» ይባላሉ። ያወልቃሉም።

ሴትዮዋ መኪና የላቸውም። መንዳት ቀርቶ ባለ ሦስት እግሯ ረክሻ ላይ እንኳ ሲሳፈሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው። ነገር ግን በመንገዳችን ላይ ከቆሙ መኪኖች ዕቃ መሰረቅ የጀመረ ዕለት፣ ጉዳዩ የእሳቸው ሆነ።

«እኔ ምን አገባኝ፤ ግን…» ብለው ነው የሚጀምሩት። ከዚያ «ግን» በኋላ የሚመጣውን ለመስማት ወንበር ያስፈልጋል።

አንድ ቀን ምሳዬን ስበላ በሩ ተደበደበ።

«እኔ ምን አገባኝ፤ ግን ቦርሳህ መኪናው ውስጥ ከኋላ ወንበር ላይ ተኝቷል።»

«እትዬ፣ የልጆች ደብተር ነው እኮ ያለበት።»

«እሱን አንተ ታውቃለህ። ሌባው ደብተር መሆኑን የሚያየው መስታወቱን ከሰበረ በኋላ ነው። ያላ!»

ጉርሻዬን ሳልውጥ ሄጄ አነሣሁ።

የሪያድ ሌባ ጨለማ አያስፈልገውም። ምሳ ከተበላ በኋላ እስከ ዐስር ሰላት፣ እስከ ከሰዓት በኋላው ጸሎት ድረስ፣ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ከማራገቢያው ሥር ሲያጋድመው፣ መንገዱ ባዶ ነው፤ ድመቷም ትተኛለች። መጀመሪያ የአንዱ ጎረቤት ስፖኪዮ ሄደ። ቀጥሎ የሌላው ስኮርታ ጎማ። ከዚያ የሐጅ ጂብሪል ባትሪ። ለፖሊስ ያመለከተ ሁሉ «ኢንሻላህ ይገኛል» ተብሎ ተመለሰ። እትዬ ሸዋዓለም «ኢንሻላህ»ን ያከብራሉ፤ ግን ቁጭ ብለው አይጠብቁም። ከኒሙ ዛፍ ሥር ወንበር አወጡ፣ ጃንጥላ ዘረጉ፣ ባምያ የሞላ ትሪ ጭናቸው ላይ አስቀመጡ፣ የድስት ክዳንና ጭልፋ ከእግራቸው ሥር አኖሩ። መንገዱ ጠባቂ አገኘ።

ሥራው ያለ ስሕተት ሄደ አልልም። በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው የሐጅ ጂብሪልን መኪና በሽቦ ሊከፍት ሲታገል አይተው ክዳኑን ደበደቡት። ሰፈሩ በፒጃማ ወጣ። ሌባ የተባለው የሐጅ ጂብሪል አማች ሆኖ ተገኘ፤ ቁልፉ ውስጥ ቀርቶበት ነው። ሰውዬው ሦስት ዓመት ሙሉ የእትዬ ሸዋዓለምን ወጥ ሲበላ የኖረ ነው። አላፈሩም።

«ያየሁት ጀርባውን ነው» አሉ። «ጀርባው ላይ ስም አልተጻፈበትም።»

በማግስቱ እኔን ካርቶን አስይዘው በትልልቅ የዓረብኛ ፊደል አስጻፉኝ፤ «በዚህ መኪና ውስጥ ምንም የለም። አትድከም።» በየመኪናው መስታወት ሥር አስቀመጡት። ሐጅ ጂብሪል ለዳኛ መኪና አይመጥንም ብለው ተከራከሩ። ካርቶኑ ሁለት ሳምንት ቆየ፤ ሌባው ስላልታየም የእትዬ ሸዋዓለም ወንበር ወደ ግቢ ተመለሰ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ለእኔ ሳቅ ነበር። ሳቁ የቆመው ሰኞ ዕለት ነው።

ከፊት ለፊታችን የሲት ዘሊካ ቤት አለ። መድኃኒት ቤት ያላት፣ ፈጠን ያለች፣ ደኅና ሴት ናት። ያን ቀን ከምሳ በኋላ ከመኪናዋ ውስጥ የእጅ ቦርሳዋ ጠፋ። የቤተሰቡ ሁሉ ፓስፖርትና የእናቷ የወርቅ አምባር ነበረበት። መስታወት አልተሰበረም፣ በሩ አልተጣመመም። እንግዲያው በቁልፍ ነው የተከፈተው አለች። ቁልፉን ጠዋት ጠዋት የምትይዘው ደግሞ መኪናውን የምታጥበው ሠራተኛዋ ሜሮን ናት።

ሜሮን ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ኢቃማዋ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ጊዜው ካለፈበት አራት ወር ሆኖታል። የሲት ዘሊካ ባል እንዲያሳድስ በተጠየቀ ቁጥር «ቡክራ» ይላል፤ ነገ። ወረቀቷ ያለፈበት ልጅ በስርቆት ተከሳ ፖሊስ ፊት ብትቆም ከዚያ በኋላ ምን እንደሚከተል እዚህ አገር የኖረ ሁሉ ያውቃል። ሲት ዘሊካ ደግሞ «ቦርሳውን ካላመጣሽ ሐሙስ ከዐስር ሰላት በኋላ ፖሊስ ጣቢያ እንሄዳለን» ብላታለች።

ልጅቷ የምትሮጥበት ሌላ ቦታ አልነበራትም። የሐጅ ጂብሪል ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ደረስኩ።

«ቦርሳውን ወስደሻል?» አሉ እትዬ ሸዋዓለም።

«አልወሰድኩም።»

«ዓይኔን እያየሽ ተናገሪ።»

«በማርያም፣ እትዬ፣ አልወሰድኩም።»

ከዚያ ቢላዋና ሽንኩርት አቀበሏት። «በይ ላጪ። ማልቀስሽ ካልቀረ ሥራ ይሥራ። ኡስታዝ፣ ያላ፣ ተከተለኝ።»

መንገዱን ተሻገርን። ሲት ዘሊካን በገዛ ሳሎኗ «ተቀመጪ» አሏት፤ ተቀመጠች። ከጉያቸው ትንሽ የጨርቅ ቦርሳ አውጥተው ፓስፖርታቸውንና ኢቃማቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ይህን እስከ ሐሙስ ያዢ። ልጅቷ ሌባ ከሆነች እኔን ወደ ፖሊስ ውሰጂኝ።»

ወረቀቱን ለሌላ ሰው የሰጠ የውጭ አገር ሰው ከሰፈሩ ዳቦ ቤት አልፎ መሄድ አይችልም። የሃያ ሁለት ዓመት ኑሯቸው ያለው እነዚያ ሁለት ወረቀቶች ላይ ነው። ጠጋ ብዬ በአማርኛ «እትዬ፣ ይህ ቀልድ አይደለም» አልኳቸው።

«ማን ቀለደ?» አሉ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

ማክሰኞ ጠዋት ከበር በር እየዞሩ ሠራተኞቹን ሁሉ ጠየቁ። ትናንት ከምሳ በኋላ ማን መጣ? ዘበኛ፣ አትክልተኛ፣ ሞግዚት፣ ሁሉም የሚመልሱት አንድ ነው፤ «ማንም አልመጣም፣ መካኒኩ ብቻ ነው የነበረው።» አምስተኛው በር ላይ እትዬ ሸዋዓለም ቆም አሉ።

«የማን መካኒክ?»

«የጎረቤቶቻችን ነዋ።»

ጎረቤቶቹን ጠየቁ። እነሱም የወዲያኛዎቹ ነው አሉ። የወዲያኛዎቹም የእነዚህ ነው አሉ። ሰማያዊ ቱታ የለበሰ፣ የመፍቻ ሳጥን የያዘ ሰው ኮፈን ከፍቶ ጎንበስ ካለ ማንም አይጠይቀውም፤ «አላህ ያበርታህ» ተብሎ ይታለፋል።

ሰውዬውን አውቀዋለሁ። የሐጅ ጂብሪል ባትሪ የጠፋ ዕለት ኮፈኑ ሥር ጎንበስ ብሎ አግኝቼው ሰላም ብዬዋለሁ። ላቡ ሲንጠባጠብ አሳዝኖኝ በጣሳ ቀዝቃዛ ውኃ አመጣሁለት። «ኮፈኑን ትንሽ ደግፍልኝ» አለኝ፤ ደገፍኩለት። አመስግኖኝ ባትሪውን ይዞ ሄደ።

መናገር ግዴታ ነበረብኝ። ተናገርኩ።

«ኡስታዝ» አሉ እትዬ ሸዋዓለም፣ «ስንት ዓመት ነው የተማርከው?»

«አሥራ ስድስት።»

«ይበቃል። አትጨምር።»

ረቡዕ የእኔ መኪና ከጥላው ሥር ወጥታ ከሲት ዘሊካ በር አጠገብ ቆመች። ካርቶኑ ተነሣ። ፊት ወንበሩ ላይ የሴት ቦርሳ ተቀመጠ፤ ውስጡ ደረቅ ባምያ ነው። በየበሩ ጀርባ አንዲት ሴት ክዳንና ጭልፋ ይዛ ቆመች። ያን ቀን ያለፈው በረዶ ሻጩ ብቻ ነበር። ሁላችንም ፊታችን ጠቆረ። እሳቸው ግን ትሪያቸውን አንሥተው «ነገ ይመጣል» አሉ፤ ቀጠሮ የሰጡት ይመስል።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ እኔ፣ ሜሮንና ሐጅ ጂብሪል ከበራችን ጀርባ ተሸሸግን። ሐጅ ጂብሪል ካልገባሁ ብለው ነው። «ዕድሜዬን ሙሉ ምስክር ሰምቻለሁ፤ አንድ ቀን ደግሞ እኔ ልመስክር» አሉ። ሜሮን እጇን ደረቷ ላይ አጣጥፋ፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ዐስር ሰላት ሊጠራ ሩብ ሰዓት ያህል ሲቀረው ሰማያዊው ቱታ ከማዕዘኑ ብቅ አለ።

ሳጥኑን አስቀመጠ። ግራ ቀኝ አየ። ቀጭን ብረት አውጥቶ በመስታወቱና በላስቲኩ መካከል ሰደደው። «ቢስሚላህ» ብሎ ለመጨረስ በማይበቃ ጊዜ በሩ ተከፈተ።

«ያለ ቁልፍ!» አለች ሜሮን በሹክሹክታ፣ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ።

ቦርሳውን ሳጥኑ ውስጥ ከተተና ኮፈኑን አነሣ። ይህን ጊዜ እትዬ ሸዋዓለም ጣሳ ውኃ ይዘው፣ ሳይቸኩሉ፣ ወደ እሱ ሄዱ።

«መዓልም፣ ሙቀቱ ፈጀህ። ጠጣ።»

«አላህ ይስጥሽ፣ ሐጃ።» ጠጣ።

«መኪናው የማን ነው?»

«የሐጅ ነው።»

«የየትኛው ሐጅ?»

በአገጩ ወደ አንድ ቤት ጠቆመ። «የዚያኛው።»

«ምን ሆነበት?»

«ባትሪው ደክሟል።»

«ቦርሳውም ደክሞት ነው ከወንበሩ የወረደው?»

ጣሳውን ጥሎ ሮጠ። ክዳን ተመታ፤ ሌላ ክዳን መለሰ፤ ከዚያ መንገዱ ሁሉ ጮኸ። በሮች ተከፈቱ፣ ጀለቢያ የለበሱ ወንዶች ከእንቅልፋቸው እየተደናበሩ ወጡ። ከመንገዱ ጫፍ አራት ሠራተኞች መጥረጊያ ይዘው ተሰልፈው ሲያይ ሰውዬው ቆመ፤ ዞር አለ፤ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ወንዶቹ ሊደበድቡት ተንደረደሩ። እትዬ ሸዋዓለም ክንዳቸውን ዘርግተው ከፊታቸው ቆሙ።

«ማንም እጁን አያነሣም! ጥርሱ ከወለቀ በምን ይናገራል?»

አንድ ግዙፍ ሰው ሊያልፋቸው ሞከረ። ንቅንቅ አላሉም። ሌባውን በገዛ ወንበራቸው ላይ አስቀመጡት። ሐጅ ጂብሪልም በከነቴራ እንደቆሙ እንደ ድሮው ጠየቁት፤ እሱም አንድ በአንድ መለሰ። ከመስጊዱ ጀርባ ያቆማት ትንሽ መኪና ስትከፈት ስፖኪዮው፣ ጎማው፣ ሁለት ባትሪ፣ ከሥር ደግሞ የሲት ዘሊካ ቦርሳ ተገኘ። ፓስፖርቶቹ ነበሩ። አምባሩ ተሸጧል።

«ይህችን ልጅ ታውቃታለህ?» አሉት እትዬ ሸዋዓለም፣ ሜሮንን ወደ ፊት አቅርበው፣ ሲት ዘሊካ እየሰማች።

«ወላሂ አይቻት አላውቅም።»

ፖሊስ መጥቶ ወሰደው። ሲት ዘሊካ የተጠቀለለችበትን ቶብ ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። ከዚያ «ሜሮን፣ ቢንቲ፣ ልጄ፣ በድዬሻለሁ» አለች፤ ድምፅዋ ተቆራረጠ። ሜሮን ጣሳውን ከመሬት አንሥታ አጠበችው። ሲት ዘሊካ ቤት ገብታ የእትዬ ሸዋዓለምን ወረቀቶች ይዛ ወጣች።

«አልቀበልም» አሉ እትዬ ሸዋዓለም።

«እንዴት?»

«የልጅቷ ኢቃማ እስኪታደስ አንቺ ዘንድ ይቀመጥ። ባልሽ መሳቢያ በከፈተ ቁጥር የእኔን ፎቶ ይየው። ‹ቡክራ› ማለት ይከብደዋል።»

ዘጠኝ ቀን ከዳቦ ቤቱ አላለፉም። ገበያ የምሄደው እኔ ነበርኩ፤ ይዤ የመጣሁት ቲማቲም ሁሉ አንድ በአንድ ተሰደበ። በአሥረኛው ቀን ባልየው ራሱ መንገዱን ተሻግሮ የሁለቱንም ሰዎች ወረቀት አመጣ። እትዬ ሸዋዓለም የሜሮን ኢቃማ የሚያልቅበትን ቀን ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ እንዳነብ አደረጉኝ። የራሳቸውን የተቀበሉት ከዚያ በኋላ ነው።

ባለፈው ወር አንድ ደላላ ካፉሪ ወደሚባል ሰፈር ወስዶ ቤት አሳየኝ። ሁለት ክፍል፣ የራሱ በር፣ የራሱ ወጥ ቤት፤ ኪራዩ አሁን ከምከፍለው አይበልጥም። ሰፈሩ ጸጥ ያለ ነው። መኪናዬን አቁሜ አንድ ሰዓት ሙሉ ተዘዋወርኩ። ከየት መጣህ፣ ማንን ፈለግህ ያለኝ ሰው አልነበረም።

«ምን ጎደለው?» አለ ደላላው፣ እንቢ ስለው።

«ወጥ ቤቱ ጠበበኝ» አልኩት። ወጥ ሠርቼ አላውቅም። አራት ዓመት ሙሉ ምሳዬ በተከደነ ሳህን ከሐጅ ጂብሪል ወጥ ቤት ነው የሚመጣልኝ፤ ላምጣ ወይ ተብዬም ተጠይቄ አላውቅም።

ስመለስ እትዬ ሸዋዓለም መንገዱ መሐል ቆመው አንድ የውኃ ቦቴ ሾፌር ያዝዛሉ። «ወደ ኋላ! መሪውን አዙር! አዙር አልኩህ!» ሾፌሩ ላብ በላብ ሆኖ ያዞራል። ሞተሬን አጥፍቼ መስታወቱን አወረድኩ። በጎን የማልፍበት ቦታ ነበረኝ፤ «እለፍ!» እስኪሉኝ አላለፍኩም።