ጎማ ቦታ አለው

ስለ መኪና ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ከፈለጋችሁ መኪና የሌለውን ጠይቁ። መኪና ያለውማ ምኑን ያውቃል! ሲነሳለት ይነዳል፣ ሲቆምበት ይገፋል፣ አለቀ። መኪና የሌለው ግን ጊዜ አለው። ዞሮ ያያል፣ ጎንበስ ብሎ ያያል፣ በጫማው ጫፍ ጎማውን ነካ ነካ ያደርጋል፣ ከዚያ ወገቡን ይዞ ቀና ይልና ፍርዱን ይሰጣል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ ንገሩኝና ነገውኑ ዕቃዬን ጭኜ እገባለሁ። ግን የለም። ለየሰፈሩ አንድ አንድ ደርሶታል።

ለእኛ የደረሱን ሊቀ ስኮርታ ናቸው።

ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ እስካሁን የተቃወመ የለም። ስለ ሞተር ብትጠይቋቸው አይናገሩም፣ ለፍሬን ደንታ የላቸውም። እንቅልፍ የሚነሳቸው አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፦ ስኮርታው፣ ያ ትርፍ ጎማ፣ የት ላይ ተሰቀለ? ዕድሜያቸውን ሙሉ ገጠር ለገጠር የመስክ መኪና ሲነዱ ኖረዋል። ጡረታ ሲወጡ የራሳቸውን አሮጌ መኪና ሸጡ። ስኮርታውን ግን አልሸጡም። ገዢው ለመናቸው፣ ተቆጣ፣ ሽማግሌ ላከ። “የሸጥኩልህ መኪና ነው፤ ስኮርታ የግል ጉዳይ ነው” ብለው መለሱት።

ያ ጎማ መጀመሪያ ሳሎን ገባ። ባለቤታቸው “ወይ እሱ ወይ እኔ” ሲሉ ወደ ጓሮ ወጣ። ጓሮም ልብስ ማስጫውን ያዘ ተብሎ ተባረረ። በመጨረሻ ነፋስ የሚያንጓጓውን ቆርቆሮ እንዲጫንላቸው የቤታቸው ጣራ ላይ ወጣ። “አየሽ?” ይሉኛል በጣታቸው ወደ ላይ እየጠቆሙ፣ ባለቤታቸው ያባረሩትን ጎማ እሳቸው የሾሙት አስመስለው። “ጎማ ቦታ አለው!”

ትምህርታቸው ይኸው ነው። የመስክ መኪና ስኮርታ የሚሰቀለው ጣራ ላይ ነው፤ ሌላው ሁሉ ስሕተት ነው። ከሥር ያንጠለጠለ ሰው ካገኙ “ጎማ ሌባ ነው እንዴ አልጋ ሥር የሚደበቀው? ጭቃ የዋጠህ ቀን በምን ጎትተህ ልታወጣው ነው?” ይላሉ። የኋላ በር ላይ የሰቀለውን “በር ለመክፈት እንጂ ለመሸከም አልተፈጠረም” ይሉታል። ኮፈን ላይ ላስቀመጠው “ዓይንህ ላይ ጎማ አስረህ መንገድ ልታይ!” ውስጥ፣ ከወንበር ኋላ ለከተተው ደግሞ “ሰውና ጎማ አብሮ አይቀመጥም፤ አንዱ ሌላውን ያጠቁረዋል።” ታዲያ ለምን ጣራ? ብሎ የጠየቀ ወዮለት። “ዘውድ የት ነው የሚደፋው? ቁርጭምጭሚት ላይ ነው?”

ንግግራቸውን ሁሉ የሚጀምሩት “እኔ ምን አገባኝ፤ ግን…” ብለው ነው። ይህቺን “ግን” የሰማችሁ ቀን ቁጭ የምትሉበት ፈልጉ።

አንድ ቀን ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው የሐሞት ጠጠር አሟቸው ሰፈሩን በጩኸት ሲያናውጡ አምቡላንስ ተጠራ። ሕዝቡ ሁሉ ቃሬዛውን ከቦ ይንጫጫል። ሊቀ ስኮርታ ተንበርክከው ከመኪናው ሥር ይመለከታሉ።

“አባት፣ ዞር ይበሉ እንጂ!” አለ ሹፌሩ።

“እኔ ምን አገባኝ፤ ግን ስኮርታህን ከሥር አንጠልጥለኸዋል።”

“በሽተኛ ይዣለሁ እኮ!”

“እሳቸውማ ይድናሉ። እኔ የፈራሁት ለአንተ ነው።”

ልብስ ሰፊው ቃሬዛው ላይ ሆነው ሳቁ። ያቺ ሳቅ ከጠጠሩ የበለጠ አመመችኝ እያሉ እስከ ዛሬ ይከሷቸዋል።

የባንኩ ሥራ አስኪያጅ አዲስ መኪና ገዝቶ የመጣ ዕለትስ? ሊቀ ስኮርታ ጣራውን አዩ፣ የለም። ኋላውን አዩ፣ የለም። ከሥሩ፣ የለም። “የት አለ?” ቢሉት ሰውዬው ፈገግ ብሎ አንዲት ጠርሙስ አወጣ። “ጋሼ፣ ዘመኑ ተለውጧል። ጎማው ሲተነፍስ ይህን አረፋ ሞልቶ መሄድ ነው። ስኮርታ የሚባል ነገር ቀርቷል።” ሊቀ ስኮርታ ጠርሙሷን ተቀብለው አገላበጧት፤ አሸተቷት። “ሽቶ ነው” ብለው መለሱለት። ከዚያ ቤታቸው ገብተው ለቀናት ደጅ አልታዩም። ባለቤታቸው ለጠያቂ ሁሉ “ሐዘን ላይ ነው” ይሉ ነበር።

እስከዚህ ድረስ እስቃለሁ። እኔ ከሊቀ ስኮርታ ጋር የተጣላሁት ግን በቀልድ አይደለም።

ሥራዬ የውሃ ፓምፕ መጠገን ነው። ማንም አላስተማረኝም፤ ያስተማረኝ የተበላሸ ፓምፕ ነው። መንገድ የሚባል ነገር ወዳልደረሰበት አገር ሁሉ ዕቃዬን በአሮጌ የመስክ መኪና ጭኜ ብቻዬን እሄዳለሁ። ስኮርታው የኋላ በር ላይ ነበር። ያንን በር ለዕቃ ስከፍት፣ ስዘጋ፣ ስከፍት፣ አንድ ጠዋት ማጠፊያው ተሰንጥቆ በሩ ከነጎማው እጄ ላይ ቀረ። ሊቀ ስኮርታ ከማዶ ሆነው አዩኝ። አልሳቁም። እጃቸውን ብቻ ወደ ሰማይ አነሱ፤ ጸሎቱ እንደሰመረለት ሰው።

“አሁንማ ጣራ ላይ ነው” አሉ።

“ጣራ ላይ ሰቅዬው ማን ያወርድልኛል?”

“ሰው ጠርተሽ ነዋ!”

ሰው ጠርተሽ! እንዴት ቀላል ናት! የሚጠራውን ሰው እኔ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ የጎማ መፍቻውን ከእጄ ይነጥቀኛል። ቀጥሎ “ባልሽ የት ነው?” ይላል። አንድ ቡሎን ሳይነካ ትዳሬን ይመረምራል። ሴት ልጅ ብቻዋን በዚህ በረሃ ምን ትሠራለች እያለ ለቆመው ሰው ንግግር ያደርጋል። ቡሎኑን በተቃራኒው አዙሮ ይሰብረዋል። ሲሄድም “እኔ ባልደርስላት ኖሮ” ይላል፤ ይህቺን ባልደርስላት ኖሮ ለስንት ዓመት እንደሚያወራት እናንተ አታውቁም። እኔ ለእንዲህ ዓይነቱ ርዳታ አንገቴን አልደፋም። ብቻዬን የማላወርደው ጎማ መኪናዬ ላይ አይሰቀልም። አበቃ።

ወደ ሰፈራችን ብረት በያጅ ሄድኩ። በያጁ ጸብ የማይወድ ሰው ነው፤ የሚስማማው ሁልጊዜ መጨረሻ ከተናገረው ጋር ነው። የጋራዡ ሲሚንቶ ላይ በጠመኔ ሣልኩለት። ከሻንሲው ጋር የተበየደ ጠንካራ ክንድ፣ እንደ አጥር በር ወደ ጎን የሚከፈት፣ የኋላ በሩን የማይነካ። ጎማው ከጭኔ ትይዩ ይሁን፤ ስፈታው ጭኔ ላይ አሳርፌ ቀስ ብዬ መሬት ላስነካው።

“ዝቅ ብሎ?” የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ። ሊቀ ስኮርታ በርጩማቸውን ይዘው መጥተው ተቀምጠዋል። “እዚያ ታች? እንደ ጅራት?”

“ልክ ነው ጋሼ፣ ጅራት ይሆናል” አለ በያጁ።

“ምኑ ነው ልክ?” አልኩት።

“ልክ ነሽ እህቴ።”

“አንቺ ልጅ፣ እኔ ምን አገባኝ፤ ግን…”

“አያገባዎትም!”

እሳቸው ራሳቸው በቀን መቶ ጊዜ ምን አገባኝ ይላሉ፤ ሌላ ሰው ያጸናልኛል ብለው ግን አልጠበቁም።

“የምነዳው እኔ፣ የምፈታው እኔ” አልኩ። “ጣራ ላይ ሰቅዬ ለማን አቤት ልበል?”

“ለሰው! ሰው ለምን ተፈጠረ ታዲያ?”

“ጋሼ፣ እርስዎ ሲጠሩ የሚመጣው ሰው ጎማ አውርዶልዎት ይሄዳል። እኔ ስጠራ የሚመጣው ሌላ ሰው ነው።”

ሊቀ ስኮርታ በርጩማቸውን አንስተው “ጅራት ያለው መኪና አጠገብ አልቆምም” ብለው ሄዱ። ቃላቸውንም ጠበቁ። ጠዋት ሲያገኙኝ “እንደምን አደርሽ ልጄ” ይሉኛል፤ መኪናዬን ግን ፊት ነሷት። በእሷ በኩል ላለማለፍ መንገድ ተሻግረው ይሄዳሉ።

ብዙም ሳይቆይ ከሩቅ መንደር ጥሪ መጣ። ፓምፓቸው ቆሟል፤ ሰውና ከብት ከአንድ ኩሬ ይጠጣል፤ ሕፃናት በተቅማጥ መውደቅ ጀምረዋል። መለዋወጫውን ይዤ ማልጄ ወጣሁ።

መንገዱ ላይ አንደኛው ጎማ ፈነዳ። ክሪኩን አስገባሁ፣ ክንዱን ወደ ጎን ከፈትኩ፣ ስኮርታውን ጭኔ ላይ አሳርፌ አወረድኩ። እንደ ሣልኩት ሆነ! አንድ ጎረምሳ ሞተር ብስክሌቱን አቁሞ መፍቻውን ሊቀበለኝ እጁን ሲዘረጋ “ባለቤትህ የት ናት?” ብዬ ጠየቅኩት። ግራ ገብቶት ሄደ። ምነው ሊቀ ስኮርታ እዚህ ኖረው ባዩ አልኩ።

አልኩና ጥቂት እንደነዳሁ ስለት የመሰለ ድንጋይ ሌላኛውን ጎማ እንደ አሮጌ ጃኬት ተረተረው።

አሁን ስኮርታ የለኝም። የነበረኝ ከመኪናው እግር አንዱ ሆኗል። መለዋወጫው እጄ ላይ፣ መንደሩ ከኮረብታው ማዶ፣ ስልኬ ኔትወርክ አልባ። ስልኩን ይዤ ብዞር ብዞር የሚሠራበት ቦታ አጣሁ። በመጨረሻ ያገኘሁት የት ላይ ወጥቼ ቢሆን ጥሩ ነው? መኪናዬ ጣራ ላይ።

“መንደሩ መዳረሻ ላይ ቆሜያለሁ፤ ጎማ ላክልኝ!” ብዬ ለበያጁ ደውዬ ጮህኩ። ስልኩን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጎት ኖሯል፤ ከኋላ የማውቀው ድምፅ ገባ።

“የት ላይ ነው ያለው?”

“ጣራው ላይ!”

“ጎማው?”

“እኔ ነኝ ጋሼ!”

“ጥሩ። እዚያው ቆዪ” አሉና ስልኩ ተቋረጠ።

ፀሐይዋ ስታዘነብል አንድ ያረጀ አውቶቡስ አቧራውን እያስነሳ መጣ። ገና ሳይቆም አንድ ሽበታም ጭንቅላት በመስኮት ወጣ።

“ጎማው የት ላይ ሆኖ መጣ? እስቲ ንገሪኝ!”

ቀና ብዬ አየሁ። በጀሪካንና በጆንያ መሐል፣ በገመድ ታስሮ፣ ያ ከቤታቸው ቆርቆሮ ላይ የማውቀው ጎማ ተንፈላሶ ተኝቷል። ለካ መኪናዬ ላይ ያን ሁሉ ዘመን ሲያፈጥጡ የኖሩት የሸጧት መኪናቸው እህት ስለሆነች ኖሯል፤ ቸርኬው ቁርጥ የእኔ ልክ ነው።

“የት ላይ ሆኖ ልጄ?”

“ጣራ ላይ” አልኩ በጥርሴ።

“አልሰማሁም።”

“ጣራ ላይ!”

ተሳፋሪው በሙሉ አጨበጨበ። መንገዱን ሁሉ ሲያስተምሯቸው ነው የመጡት። ጎማው በፀሐይ ብዛት ተሰነጣጥቋል። ጎሚስታው “ይሄ የሞተ ጎማ ነው” ቢላቸው “አንተ ንፋ እንጂ፤ አስከሬን መርማሪ ነህ እንዴ?” ብለው አስነፍተውታል። ተሳፋሪዎቹ ተጋግዘው አወረዱት። ከመካከላቸው አንድ ደንዳና ሰው መፍቻውን ከመሬት አንስቶ ወደ እኔ ዞረና “ለመሆኑ ባለቤትሽ…” ብሎ ሲጀምር ሊቀ ስኮርታ መፍቻውን ከእጁ ወሰዱ። ወስደው ለእኔ ሰጡኝ።

“መኪናው የእሷ ነው” አሉት። “አንተ ምን አገባህ?”

ቡሎኖቹን አጎንብሼ ሳጠብቅ ቆየሁ፤ ከሚገባው በላይ ቆየሁ። ፊቴን ማንም እንዲያየው አልፈለግኩም።

አውቶቡሱ መንገዱን ቀጠለ፤ እኔና ሊቀ ስኮርታ በዚያ የሞተ ጎማ እየተንፏቀቅን መንደሩ ደረስን። መንገዱን ሙሉ ባለቤታቸው ኔትወርክ ባለበት ሁሉ ይደውላሉ፦ “አንተ ሰውዬ፣ ቤቱ ሊበርልህ ነው! ቆርቆሮው እየጨፈረ ነው!” ፓምፑን ፈታሁ፣ መለዋወጫውን አስገባሁ፣ ውሃው መጀመሪያ ቀይ፣ ከዚያ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። እናቶች ጀሪካን ሲያሰልፉ ሊቀ ስኮርታ የመንደሩን ሽማግሌዎች ሰብስበው “እኔ ምን አገባኝ፤ ግን ይህ ፓምፕ ቦታው እዚህ አይደለም” ይሏቸው ነበር።

ከተማ ስንመለስ የፈነዱብኝን በአዲስ ተክቼ፣ ቸርኬያቸውም ላይ አዲስ ጎማ አስገጥሜ ልመልስላቸው ሄድኩ። አልቀበልም አሉ። “ስኮርታዬ መኪና አግኝቷል፤ ቆርቆሮ ላይ አልመልሰውም።” የእኔ የተተረተረ ጎማ የእሳቸውን ቤት ጣራ እንዲጫን ወጣ። የእሳቸው ደግሞ ከእኔ ጋር ቀረ። ታዲያ የት ልስቀለው? ኋላ ክንዱ ላይ የእኔው አለ፤ ውስጥ ዕቃ ሞልቷል።

ተሸነፍሽ የሚል ካለ ይምጣና እንነጋገር! ጅራቱ ዛሬም አለ፤ ነገም ይኖራል፤ ጎማ ሲተነፍስ መጀመሪያ የሚፈታው እሱ ነው፤ የሚፈታውም በእኔ እጅ ብቻ ነው። ጣራ ላይ የወጣውን ብቻዬን እንደማላወርደው አውቃለሁ። አውቄ ነው የሰቀልኩት።

ያን ዕለት ሊቀ ስኮርታ መንገዱን ተሻግረው መኪናዬ አጠገብ መጡ። ጅራቱን እንዳላዩ ሆነው አለፉት። ጣራውን ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አዩ። ዞሩ፤ በሌላ በኩል አዩ። እኔም ምርቃቱን እጠብቃለሁ።

“እኔ ምን አገባኝ” አሉ፤ “ግን ገመዱ ላልቷል።”

“አልላላም! ያሰርኩት እኔ ነኝ!”

እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሄዱ። ቤታቸው እስኪገቡ ጠበቅኩ። በሩ ሲዘጋ ጣራው ላይ ወጣሁና ገመዱን ፈትቼ እንደገና አጠበቅኩት።