የቀይዋ መኪና ቀለም ጠባቂ

አዲስ ዕቃ ገዝቶ አዲስነቱን ሲጠብቅ፣ ዕቃው ሥራ ሳይሠራ የሚያረጅበት ሰው የሌለበት ከተማ የለም። አልገጠመኝም የሚል ካለ ሸዋ ሮቢት ብቅ ይበልና ጋሽ አብዱልመጂድን ይተዋወቅ። ማሾና ሽንኩርት ነጋዴ ናቸው። ከንግዳቸው ይልቅ ስማቸውን ያስጠራው ግን የላስቲክ ባለአደራነታቸው ነው። እሳቸው ቤት የገባ ዕቃ ከፋብሪካ ለብሶት የመጣውን ላስቲክ እንደለበሰ ይኖራል። «ተዉት እስቲ፣ ገና አዲስ ነው» ይላሉ። ይህን ያሉለት ፍሪጅ ዛሬ ሲነሳ እንደ ወፍጮ ያጓራል።

ይህን ሁሉ ችለው የኖሩት ባለቤታቸው እትዬ መሊካ ናቸው። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ላስቲክ የለበሰ ሶፋ ላይ የተቀመጠ እንግዳ ሲነሳ የሚወጣውን ድምፅ አገር ያውቀዋል። ድምፁን ፈርቶ ለምሳ የመጣው እንግዳ እራት ድረስ የተቀመጠበት ጊዜ አለ። አንድ ቀን እትዬ መሊካ አንጀታቸው አረረና የፍሪጁን ላስቲክ ከጥጉ ላጥ አደረጉት። ባልየው ማታ ገብተው ሲያዩት አልተቆጡም። ፕላስተር አመጡ፣ መልሰው ለጠፉት፣ ከዚያም ሌባ እንደገባበት ሰው ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩ። «ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር» ይላሉ እትዬ መሊካ።

እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው መኪና የገዙት። ያውም ስፖርት መኪና፤ ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ትንሽ የቀራት። በአዲስ አበባና በደሴ መካከል የሚመላለሰው መኪና ሁሉ ሸዋ ሮቢትን አቋርጦ ያልፋል እንጂ፣ እንዲህ ያለች መኪና እዚሁ ገብታ ያደረችበት ቀን ትዝ የሚለው የለም። አቧራ ይነካታል ብለው በጭነት መኪና ጀርባ አስጭነው ሲያስገቧት ሰው ከሱቅ እየወጣ አየ። የባጃጅ ነጂዎቹ ሳይቀሩ በሳምንቱ «መኪናችን» ይሏት ጀመር።

የተገዛችው ለሲሃም ነው፣ ለአንድ ልጃቸው። ሰርጓ ደርሷል። በሰፈሩ ወግ ሙሽራ ከአባቷ ቤት ስትወጣ ሴቶቹ መኪናዋን ከበው የሞተር ክዳኑን፣ ኮፈኖውን፣ እንደ ከበሮ እየመቱ ይዘፍኑላታል። ኮፈኖው ካልተመታ ሙሽራ ወጣች አይባልም፤ ሾለከች ነው የሚባለው። ሲሃም ከአባቷ የጠየቀችው ይህንኑ ብቻ ነው።

«አባ፣ ጌጡም ሌላውም ይቅር። ግን እንደ ሰው ልጅ ይመታልኝና ልውጣ።»

«ይመታልሻል ኢንሻአላህ» አሉ ጋሽ አብዱልመጂድ። «ብቻ መጀመሪያ ቀለሟ መጠበቂያ ያግኝ።»

ከዚያ ወዲያ መከራችን ጀመረ። ባጃጅ ነጂው ሸሪፍ ሰም ይቀባ አለ። «ጋሼ፣ የእኔን ባጃጅ አላዩዋትም?»

«አይቻታለሁ። እሷን አይቼ እኮ ነው የፈራሁት።»

ቢሆንም ቀቡት። ረፋድ ላይ ሰሙ ቀለጠ፣ ከማሾ መውቂያው የመጣው አቧራ ተለጠፈበት፣ እኩለ ቀን ላይ ያቺ ቀይ መኪና ሽሮ የተነሰነሰባት መስላ ቆመች። ሸሪፍ ለጥቂት ጊዜ በዚያ መንገድ አላለፈም።

ቀጥሎ አዲስ አበባ ያለ ታምራት የሚባል የመኪና ቀለም ባለሙያ በስልክ ተገኘ። «ሴራሚክ የሚባል ፈሳሽ አለ፤ ተቀብቶ ሲደርቅ እንደ መስታወት ይሆናል። ብቻ ቀዝቀዝ ያለ ቤት ይፈልጋል።»

«ቀዝቀዝ ያለ ስትል እንደ ምን?»

«እንደ አዲስ አበባ።»

«ልጄ፣ እኛ ዘንድ እንደ አዲስ አበባ የሚቀዘቅዘው ፍሪጁ ብቻ ነው።»

«እሱም ላስቲኩ ቢነሳለት» አሉ እትዬ መሊካ ከጓዳ።

«እንግዲያው ግልጽ ላስቲክ ይለጠፍላታል» አለ ታምራት። «ስስ ነው፣ አይታይም፣ ጭረት አያሳልፍም።»

ላስቲክ የሚለውን ሲሰሙ ጋሽ አብዱልመጂድ ከሶፋው ብድግ አሉ፤ ሶፋውም እንደ ልማዱ ጮኸ። «መሊካ፣ ሰማሽ? ይኼን ሁሉ ዘመን ሳቃችሁብኝ። ዓለም ገና አሁን ደረሰብኝ» አሉ። እንዲያ ደረታቸውን ሲነፉ እትዬ መሊካ አይተዋቸው አያውቁም።

ችግሩ ታምራት የሚመጣው ከሰርጉ በኋላ ነው፤ ቀድሞ እንዲመጣ ቢለመን አልቻለም። ስለዚህ እስከዚያ መኪናዋ የእትዬ መሊካን ብርድ ልብስ ለበሰች። ይህ ብርድ ልብስ ከጅዳ ከመጣ ጀምሮ ከነቦርሳው ቁም ሣጥን ላይ የኖረ ነው።

«የሲሃም አባት፣ እኔ እኮ አንድ ቀን አልተኛሁበትም።»

«በዚህ ሙቀት ምን ሊሠራልሽ?»

እውነታቸውን ነው። እትዬ መሊካን የባሰ ያናደዳቸውም ይኸው ነው።

ሰፈሩም ሥርዓት ያዘ። ማሻአላህ የሚባለው ከበር ላይ ሆኖ ነው። ፍየል ይታሰራል። ቀለበት ያለበት እጅ ወደ መኪናዋ አይጠጋም። ሰዉ መጀመሪያ ሳቀ፣ ኋላ ለመደ፣ በመጨረሻ «እንዳትነካት!» እየተባባለ እርስ በርሱ ይጠባበቅ ጀመር።

የሰርጉ ዕለት ብርድ ልብሱ ተነሳ። ከአሊዩ አምባ የወረደው ዘመድ፣ ከቀወት ገጠር የመጣው ደንበኛ ሁሉ አፉን ይዞ ቆመ። ሲሃም ከሙሽራው ከካሚል ጋር ገብታ ተቀመጠች። እልልታው ቀለጠ፤ ሴቶቹም በጋሽ አብዱልመጂድ ታናሽ እህት በፈይሩዝ መሪነት መኪናዋን ከበቡ። ከበቡና አንድ ክንድ ሲቀራቸው ቆሙ። እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ። ያለ ምት የተጀመረው ዘፈን ሁለት ዙር ሳይሄድ ሟሸሸ። ሰርግ ቤት አጨብጭባ የማትጠግበው ፈይሩዝ ቀለበቷን በሻሿ ጠቅልላ መሬት መሬት ታያለች።

ሲሃም በመስኮቱ አባቷን አየቻቸው፣ ከዚያ አንገቷን ደፋች። ካሚል የሚያደርገው ሲጠፋው ሞተሩን አስነሳ። ልጄ እንደ ለቅሶ ልትወጣ ነው ብለው እትዬ መሊካ ወደ ባላቸው ዞሩ። ትዳራቸውን ሙሉ ያጠራቀሙትን ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ባልየው ከእጃቸው የማይለየውን የመወልወያ ጨርቅ እንደያዙ ወደ ፊት ሲራመዱ አዩ። እዚህም ላይ ሊወለውሉ ነው ብለው ተስፋ ቆረጡ።

ጋሽ አብዱልመጂድ ኮፈኖው ፊት ቆሙ። ጨርቁን ኪሳቸው ከተቱ። ያቺን ቀይ ቀለም አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። «ምን ትጠብቃላችሁ? ልጄ እኮ ናት» አሉና ትልቅ የብር ቀለበት ባጠለቁበት እጃቸው ኮፈኖውን መቱት። ደግመው መቱት። በሦስተኛው ፈይሩዝ ሻሿን ፈታ ደረሰች፣ ከዚያ ማን ማንን ይይዛል። ጋሽ አብዱልመጂድ ከምቱ እየወጡ፣ ከዜማው እየሳቱ፣ ከሁሉም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ዘፈኑ። የደሴ አውቶቡሶች አስፋልቱ ዳር ቆመው አዩን። ሲሃም እያለቀሰች ትስቃለች። ያን ቀን ሸዋ ሮቢት ውስጥ ያልኮራ ሰው አልነበረም።

ታምራት ከነላስቲኩ የመጣው በሳምንቱ ነው። ኮፈኖውን ሲያይ ራሱን ያዘ።

«ጋሼ፣ ማን ነው እንዲህ የጨፈጨፋት? ግዴለም፣ መጀመሪያ በማሽን እወለውለዋለሁ፤ ጭረቱ አንድ ሳይቀር ይጠፋል። ከዚያ ላስቲኩን እለጥፋለሁ።»

«እንዳትነካው» አሉ ጋሽ አብዱልመጂድ።

«ምኑን?»

«ጭረቱን ነዋ። ይኼ የእኔ ነው። ይኼ ረጅሙ የፈይሩዝ ነው። ይኼኛው የጎረቤታችን የአሪፋ ሳይሆን አይቀርም። ላስቲኩን ከላዩ ለጥፍበት፣ እንዳይጠፋብኝ።»

ታምራት የሚያስረዳለት ፈልጎ ወደ እትዬ መሊካ ዞረ። እትዬ መሊካ በዚህ ሰው ላይ ሊስቁ ተዘጋጅተው ነበር፤ እንባቸው ቀደማቸው። በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉና ኮፈኖውን ጎንበስ ብለው አዩት።

«እንዳሉህ አድርግ፣ ልጄ» አሉት። «ብቻ አደራህን፣ ከላስቲኩ ሥር አየር እንዳይገባ።»