ድሪሉ ደህና ነው

ሳርጁ፦ ጅራት ካልሆነ ታዲያ ለምን በኋላው ወጣ?

ፓክ ዋጊማን፦ ገመድ ነው አልኩህ እኮ። ኤሌክትሪክ የሚጠጣበት።

ሳርጁ፦ በኋላው ነው የሚጠጣው?

[ሁለቱ ጎረቤታሞች በፓክ ዋጊማን ሳሎን ተቀምጠዋል፤ «ፓክ» በአገሩ «ጋሼ» እንደማለት ነው። መሃላቸው ሰፈሩ አዋጥቶ የገዛው ድሪል አለ። መርማሪው ፓክ ዋጊማን ናቸው፤ ጸሐፊው ሳርጁ፣ እስክሪብቶ ይዞ የመጣ እሱ ብቻ ስለሆነ። ዕቃው የማይረባ ከሆነ ሱቁ እስከ አስር ሰዓት መልሶ ይወስዳል። የሚረባ ከሆነ ግን ማምሻውን ሰፈርተኛው እዚሁ ተሰብስቦ ድሪሉን የሚያስቀምጥ ሰው ይመርጣል። እዚህ አገር ቤት ሁሉ ባስገባው ዋት ልክ ብቻ ነው የሚጠቀመው፣ ካለፈ ቆጣሪው ራሱን ይዘጋል፤ ስለዚህ አስቀማጩ ቤቱ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ዋት ያስገባ ይሁን ተብሏል። እንዲህ ያለ ቤት ደግሞ ሰፈሩ ውስጥ ሁለት ነው፦ አንዱ የሳርጁ፣ ሚስቱ የሰው ልብስ ስለምትተኩስ፤ ሌላው፣ እሳቸው እንደሚሉት፣ የፓክ ዋጊማን።]

ፓክ ዋጊማን፦ ጻፍ። ፍጥነት፣ በደቂቃ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ዙር።

ሳርጁ፦ ማን ቆጠረው?

ፓክ ዋጊማን፦ ፋብሪካው ውስጥ ለዚሁ የተቀጠረ ሰው አለ።

ሳርጁ፦ በአንድ ደቂቃ? ምላሱ አይደክምም?

ፓክ ዋጊማን፦ በፈረቃ ነው የሚሠሩት። ጻፍ፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይዞራል።

ሳርጁ፦ ወደ ኋላው ለምንድን ነው?

ፓክ ዋጊማን፦ [ድሪሉን ገልብጠው እያዩ] ተሳስተህ ከበሳህ።

ሳርጁ፦ ቀዳዳውን ይመልሰዋል?

ፓክ ዋጊማን፦ አንተ ዝም ብለህ ጻፍ።

[ጻፈ።]

ሳርጁ፦ ይቺ የመዶሻ ሥዕልስ?

ፓክ ዋጊማን፦ ኮንክሪት ሲያጋጥመው እየዞረ ይነርታል። ልክ እንደ አማቴ።

[ፓክ ዋጊማን የመብሻውን ብረት፣ ፑንታውን፣ አጥብቀው፣ ስፒናውን ሰክተው፣ ጫፉን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ቃታውን ሳቡ። ድሪሉ አንዴ «እህ» አለና ዝም። ከደጅ፣ ከቆጣሪው በኩል፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ቬንትሌተሩም ቆመ። ማድ ቤት ያሉት ባለቤታቸው ለማታው እንግዶች የጣዱት ሩዝ ማብሰያ እንደጠፋባቸው በቅሬታ ተናገሩ።]

ፓክ ዋጊማን፦ አየኸው? ፈሪ ማሽን ነው። ግድግዳ ሲያይ ደነገጠ።

ሳርጁ፦ ቬንትሌተሩም ደነገጠ?

ፓክ ዋጊማን፦ ይጋባል።

[እንደ እውነቱ ከሆነ የፓክ ዋጊማን ቤት አራት መቶ ሃምሳ ዋት ነው። አንድ ሺህ ሦስት መቶ አስገባሁ ብለው ካወሩ ሁለት ዓመታቸው፤ ማመልከቻው ግን እስከ ዛሬ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ቆጣሪው ላይ የተጻፈውም ያው አራት መቶ ሃምሳ።]

ፓክ ዋጊማን፦ ውጣና የቆጣሪውን ማብሪያ ወደ ላይ መልስ። ዓይንህን ጨፍነህ ታዲያ። ብልጭታው ያሳውራል።

[ሳርጁ እየዳበሰ ወጣ። መብራቱ መጣ። ቃታው ተሳበ። ቀጭ። ሳርጁ ደግሞ ወጣ። ፓክ ዋጊማን ሩዙ ለጊዜው ይነቀል ቢሉ፣ ሃምሳ ሰው ድሪል ይብላ ወይ የሚል መልስ ከማድ ቤት መጣ። ሦስተኛውም ቀጭ። ሳርጁ ሲመለስ በረንዳው ላይ ከተሰቀለው የወፍ ሽቦ ጎጆ ጋር ተላተመ።]

ሳርጁ፦ ፓክ፣ እኛ ቤት ወስደን ብንሞክረውስ?

ፓክ ዋጊማን፦ አዲስ ዕቃ ቤት ለቤት አይዞርም፣ ይለምድበታል። ጻፍ፣ ጉልበት የለውም፣ አሁኑኑ ለሱቁ ይመለስ።

ሳርጁ፦ ልክ እንደነገሩኝ ልጻፈው?

ፓክ ዋጊማን፦ ባየኸው መጠን በራስህ ቃል ጻፈው። አምጣ ልፈርም።

[ሳያነቡ ፈረሙ። ቀለል አላቸው። ድሪሉ ሊሄድ ነው፣ ዋቱም ሳይነሳ ሊቀር ነው።]

ፓክ ዋጊማን፦ በል እስኪ አንብበው፣ እንዴት እንደሚሰማ።

ሳርጁ፦ [ጉሮሮውን ጠርጎ] «ፍጥነት፣ ጥሩ፤ የቆጠሩት ሰዎች ይመስገኑ። ወደ ኋላ፣ ቀዳዳ ይመልሳል ተብሏል፤ አልተሞከረም። ጉልበት፣ ድሪሉ ደህና ነው። ደካማው ቤቱ ነው፣ አራት መቶ ሃምሳ። መርማሪ፣ ዋጊማን።»

[ፓክ ዋጊማን አንገታቸውን አስግገው ፊርማቸውን አዩ።]

ፓክ ዋጊማን፦ ዓይንህን ጨፍን አላልኩህም?

ሳርጁ፦ አንዱን ጨፍኛለሁ ፓክ። ሁለቱም ከሚጠፉ ብዬ።

ፓክ ዋጊማን፦ ማታ ሰው ፊት ይህን ልታነበው ነው?

ሳርጁ፦ ኧረ በጭራሽ። «ድሪሉ ደህና ነው» የምትለዋን ብቻ። [ገመዱን ቀስ እያለ ጠቀለለው] የሚያስቀምጠው እኔ ከሆንኩ ማለቴ ነው።

[ፓክ ዋጊማን ካርቶኑን ራሳቸው አቀበሉት። ሳርጁ ድሪሉን ብብቱ ሥር ይዞ ደጃፉ ላይ ሲደርስ ዞር አለ።]

ሳርጁ፦ ሩዙንም ይላኩልን ፓክ። እኛ ቤት ይበስላል።